ቱክዊላ ሲያትል አይደለችም

«የት ነው የምትኖሩት?» ስንባል ብዙዎቻችን «ሲያትል» ብለን እናልፋለን። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በስልክ ከሆነ ይሁን። ቱክዊላ ግን እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተች፣ የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት ያላት ከተማ ናት፤ ልዩነቱም ኪሳችን ድረስ ይመጣል።

መሬቱን እዩት። ፑጄት ሳውንድን የቦረቦረው የበረዶ ግግር ነው፤ የኖርዌይ ፊዮርዶች ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ሳውዝሴንተር ሞል ያለበት ሜዳም ድሮ የባሕር ክንድ ነበር። ከ5,600 ዓመት ገደማ በፊት ከሬኒየር ተራራ የወረደው ጭቃና ወንዞች ያመጡት ደለል ሞላው። ከዚያ እርሻ ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሃዋርድ ሃንሰን ግድብ የግሪን ወንዝን ጎርፍ ሲገታ መጋዘን በዛበት፤ በ1968 ሞሉ ተከፈተ።

በኖርዌይ ብዙ የፊዮርድ ዳር ወረዳዎች ከውኃ ኃይል ገቢ ያገኛሉ። ቱክዊላን የሚያበላት መንገድ ነው። አይ-5 እና አይ-405 እዚሁ ይገናኛሉ፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ጎረቤት ነው። ሞጆን አስቡ። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 22 ሺህ አይሞላም፤ ቀን ቀን ለሥራና ለግብይት የሚገባው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ የገዛ ሁሉ የሽያጭ ታክስ ጥሎ ይሄዳል።

ሜዳው ላይ ማን ይሠራል? እናቶቻችን፣ አጎቶቻችን፣ ከክፍል በኋላ ደግሞ እኛ። በኅዳር 2022 የከተማዋ መራጮች ከ80 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከፍ አደረጉ፤ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ለትልልቅ ቀጣሪዎች በሰዓት 18.99 ዶላር ሆነ። ያን ጊዜ የግዛቱ 15.74 ነበር። በየዓመቱም ከኑሮ ውድነቱ ጋር ይጨምራል። (በጣም ትንንሽ ድርጅቶችን አይመለከትም፤ ምግብ ቤት ያላችሁ አክስቶች አትደንግጡ።)

ለእኔ ግን ከብሩ ይልቅ ብዙ ሰው ያልሰማው ሌላው አንቀጽ ይበልጣል፦ ቀጣሪው አዲስ ሰው ከመቅጠሩ በፊት ተጨማሪውን ሰዓት ለነባር የትርፍ ሰዓት ሠራተኞቹ ማቅረብ አለበት። ነርሲንግ ለሚማር ሰው ይህ የጤና ጉዳይ ነው። ሁለት ግማሽ ሥራ የያዘች እናት በሁለቱ መሐል አውቶቡስ ትጠብቃለች፤ ምሳዋን ትዘላለች፤ የደም ግፊት ክኒኗን ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ትውጣለች፤ አራት ሰዓት ተኝታ ትነሣለች። ሙሉ ሰዓት አንድ ቦታ ብታገኝ ከማንኛውም ምክራችን በላይ ይረዳታል። ግን ሕጉን በአማርኛ ቁጭ ብሎ የነገራት የለም። ያንን ማድረግ የማኅበራችን ሥራ ይመስለኛል፤ ከባህል ምሽቱ ቀጥሎ ሳይሆን ከእሱ በፊት።

እስከዚያው የደመወዝ ወረቀታችሁን አውጡ። የምታዩት የሥራ ቦታውን አድራሻ ነው፤ ኬንት ወይም ሲያትል ብትኖሩም ሜዳው ላይ የሠራችሁት ሰዓት በቱክዊላ ሕግ ይከፈላል።