የራስ ቅሉ እዚህ፣ ማነጻጸሪያው ባሕር ማዶ

የጥንታዊ ሰው መሰል ፍጡራን ጥናት በንጽጽር ላይ የቆመ ነው። አንድ የራስ ቅል ሲገኝ የአንጎሉ ይዘት፣ የክራንቻ ጥርሱ መጠን፣ እንዲሁም ሕብለ ሰረሰር የሚያልፍበት ቀዳዳ አቀማመጥ ከቺምፓንዚና ከጎሪላ ጋር ይመዘናል። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ የድምዳሜው ጥራት የሚወሰነው በቅሪተ አካሉ ብቻ ሳይሆን ለማነጻጸሪያነት በሚመረጠው የኤፕ የራስ ቅልም ጭምር ነው የሚል ነው። ለዚህ ሁለተኛው ወገን የምንሰጠው ትኩረት ግን አነስተኛ ነው።

ሬይመንድ ዳርት የታውንግን ሕፃን የራስ ቅል እ.ኤ.አ. በ1925 ይፋ ሲያደርግ፣ እንደ አርተር ኪዝ ያሉ ሊቃውንት ከቺምፓንዚና ከጎሪላ ወገን መደቡት። ጥርጣሬያቸው መሠረት የለሽ አልነበረም። የኤፕ ግልገሎች ከአዋቂዎቹ ይልቅ ሰውን ይመስላሉ፤ ፊታቸው አጭር፣ ግንባራቸው ክብ ነው፤ የሕብለ ሰረሰሩ ቀዳዳም ከዕድገት ጋር ወደ ኋላ ይሸሻል። ኪዝ እ.ኤ.አ. በ1947 ዳርት ትክክል እንደነበረ ቢያምንም፣ ሕፃን ከሕፃን ጋር ይመዘን የሚለው ጥያቄ ዛሬም ዋጋውን አላጣም።

ከዲኪካ የተገኘችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ «ሰላም» ለዚህ አብነት ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በጥርሷ ውስጥ የሚታዩትን የዕድገት መስመሮች በመቁጠር ስትሞት ዕድሜዋ 2.4 ዓመት ገደማ፣ የአንጎሏም ይዘት 275 ሚሊ ሊትር ያህል እንደነበረ አሳይቷል። ይህ ቁጥር ከአዋቂ ቺምፓንዚ ጋር ብቻ ቢነጻጸር የሚነግረን የአንጎሏን ትንሽነት ነበር። ከእኩዮቿ ግልገሎች ጋር ሲተያይ ግን የአንጎሏ ዕድገት አዝጋሚ እንደነበረ ያመለክታል። በአንጻሩ የአንጎሏ እጥፋቶች አሻራ የኤፕን አቀማመጥ ይከተላል። ቺምፓንዚም ቢሆን ባለበት ቆሞ የቀረ አያታችን ሳይሆን ከእኛ ከተለየ በኋላ በራሱ መንገድ የተለወጠ ዘመድ ነው።

ቅሪተ አካሎቻችን አዲስ አበባ አሉ። ቺምፓንዚና ጎሪላ ግን በአገራችን ዱር አይኖሩም፤ በየዕድሜው የተሰባሰቡ ታላላቅ የአፅም ስብስቦቻቸው እንደ ክሊቭላንድና ቴርቩረን ባሉ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ወደዚያ መሄድ ያልቻለ ተማሪ ሌሎች በለኩት ልኬት ላይ ይመሠረታል፤ የልኬቱን ስሕተትም ሆነ የናሙናውን ጉድለት የሚፈትሽበት መንገድ ጠባብ ነው።

ስለዚህ ከውጭ ተቋማት ጋር የሚደረጉ የምርምር ስምምነቶች የግልገልና የአዋቂ፣ የወንድና የሴት ኤፖችን የሲቲ ስካን መረጃና ቅጂዎች ለአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ማስረከብን እንዲያካትቱ እመክራለሁ። ስካን እውነተኛውን አጥንት ሙሉ በሙሉ እንደማይተካ አይካድም፤ ማከማቻና ባለሙያም ይጠይቃል። ሆኖም በራሱ እጅ ለክቶ ያላነጻጸረ ተመራማሪ የሌሎችን ድምዳሜ ሊያስተምር እንጂ ሊሞግት አይችልም። የራስ ቅሎቹን ጠብቀን ማቆየታችን የሚያኮራ ሥራ ነው፤ ማነጻጸሪያውንም ካላመጣን ግን ሥራው ግማሽ ሆኖ ይቀራል።