ከመቶ ዶላር ሃምሳ ሳንቲም

ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት የምትኖር የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደውላ፣ ስለ ቤተ ዘመዱ ጤንነትና ስለ ዘንድሮው ዝናብ ከተጠያየቅን በኋላ እየሳቀች፣ «ጋሼ፣ እዚህ ለጤፍ ገበያ መውጣት ቀረ እኮ፤ ማታ አዝዤ በሁለተኛው ቀን ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት» አለችኝ። ከማን ነው የገዛሽው? ብዬ ጠየቅኋት። «ከአማዞን ነዋ!» ጤፉስ የየት አገር ነው? «እሱንስ አላየሁም፤ ቆይ» ብላ ከረጢቱን አገላብጣ አነበበችልኝ። አይዳሆ ይላል።

ይህን የሰማሁት ሉማሜ ላይ ሆኜ ነው። ሉማሜን ለማያውቋት፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በገበያዋ ቀን በአህያና በጋሪ ተጭኖ ከሚገባው እህል ጤፍ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ለዚህ ሰብል ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል፤ ጎንበስ ብሎ ያርማል፤ በማጭድ ያጭዳል፤ በበሬ ያበራያል። የድካሙ ውጤት ግን ከመንገዱ ዳር ነጋዴ አልፎ የት እንደሚደርስ የሚነግረው የለም።

ነገሩ እንዳይዛባ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በአይዳሆ ጤፍ መዘራቱ ስርቆት አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአገራችን የኖረ አንድ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በስኔክ ወንዝ አካባቢ ዘርቶ አሳደገው፤ በስደት ለሚኖረው ወገናችንም እንጀራ ሆነለት። «ማስካል» የተባለው ዱቄት የመጣው ከዚያ ነው። የእኛው መንግሥት ደግሞ በ1998 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር በሚል የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክሎ እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። ባዶ የተወነውን ገበያ ሌላው ገብቶ ቢሞላው ማንን እንከሳለን?

እኔን ያሳሰበኝ ዘመዴ አስከትላ የተናገረችው ነው። «ድሮ እዚያ ስገዛ ለአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበርም ትንሽ ትንሽ ይደርስልኝ ነበር፤ አሁን አቆሙት» አለችኝ። ይህ ነገር ምን ነበር? አማዞን እ.ኤ.አ. በ2013 «አማዞን ስማይል» የተባለ አሠራር ጀመረ። ገዢው በዚያ በር ከገባና የሚረዳውን ድርጅት ከመረጠ፣ ከተመረጡ ዕቃዎች ዋጋ ላይ 0.5 በመቶው ለዚያ ድርጅት ይሰጥለት ነበር። ከመቶ ዶላር ሃምሳ ሳንቲም ማለት ነው። በውጭ የሚኖሩ የብዙ አገር ተወላጆች ማኅበራት አባሎቻቸውን «በዚህ በር ግቡ» እያሉ ይቀሰቅሱ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አሠራሩን እንደሚያቋርጥ አስታውቆ የካቲት 20 ቀን ዘጋው። ምክንያቱንም ራሱ ሲገልጽ፣ ገንዘቡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ድርጅቶች ተበታትኖ የታሰበውን ለውጥ አላመጣም፤ ለአንዱ ድርጅት የደረሰው አማካይ መጠን ከ230 ዶላር በታች ነው አለ።

ይህን ቁጥር ይዘን እስቲ እናስላ። ለአንድ ማኅበር 230 ዶላር ለማስገኘት ደጋፊዎቹ የ46,000 ዶላር ዕቃ መግዛት ነበረባቸው። እንግዲህ በጎ አድራጊው ማን ነበር? ገዝቶ የከፈለው? ወይስ በዚያው ስም ደንበኛውን ከደጁ እንዳይርቅ ያደረገው? በእኔ እምነት ሁለቱም ጥቂት ጥቂት ድርሻ አላቸው፤ ከሃምሳ ሳንቲሟ ይልቅ ግን አርባ ስድስቱ ሺህ ዶላር ለነጋዴው ይበልጥ ይጣፍጣል። ስለ ሃምሳ ሳንቲሟም አላማርርም። ሰጪ በፈለገ ጊዜ ሊያቆማት የሚችል ነገር ስጦታ ነው፤ ኃላፊነት አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ስጦታው በኃላፊነት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው።

የዚህን ልዩነት ትርጉም ከዚያው ኩባንያ ታሪክ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 መገባደጃ አማዞን በአሜሪካ ለሚገኙ ሠራተኞቹ የሚከፍለውን ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ወደ 15 ዶላር ከፍ አደረገ። ይህ ከመሆኑ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ሠራተኞቻቸው በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩ ትላልቅ ኩባንያዎች ወጪውን እንዲተኩ የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ አቅርበው፣ የኩባንያውን መሥራች ስም የሚያስታውስ ስያሜም ሰጥተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ኩባንያው ሠራተኞቹ ሽንት ቤት ለመሄድ ጊዜ አጥተው በጠርሙስ ይሸናሉ የሚለውን ወሬ በትዊተር ካስተባበለ በኋላ፣ ሾፌሮቹን በተመለከተ ስሕተት መሥራቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። መሥራቹ ጄፍ ቤዞስ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለአየር ንብረት ጉዳይ 10 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገብቶ ነበር። ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ቢሊዮኑ ለጠርሙሱ መልስ አይሆንም። ቸርነቱ የባለሀብቱ የግል ጉዳይ ሲሆን፣ የሾፌሩ ጉዳይ ግን የድርጅቱ ግዴታ ነው።

ወደ ራሳችን ጤፍ እንመለስ። ስለ ጤፍ ውል ሲነሣ የሆላንዱን ታሪክ ሳያስታውሱ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ ተቋማት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍን ዘረመል ለመጠቀምና ጥቅሙን ለመካፈል ተፈራረሙ። በወቅቱ ውሉ ለሌላው ዓለም አርአያ ይሆናል ተብሎ ተሞግሶ ነበር። ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ አገራችን ከውሉ ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ሆኖ ቀረ። መብቱ ወደ ሌሎች እጅ ተላለፈ፤ የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ምንም ዋጋ እንደሌለው የወሰነው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ያም ውል የማኅበራዊ ኃላፊነትን ቋንቋ የተሞላ እንደነበረ ልብ ይሏል።

በቡናው ግን ሌላ መንገድ ሄደን ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም መጀመሪያ ላይ አልተስማማም። ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ጠጪዎችም ለኩባንያው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ስታርባክስ ስሞቹን የሚያውቅ ስምምነት ፈረመ። ልብ በሉ፣ በዚያ ክርክር ኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ሥሩልን፣ ጉድጓድ ቆፍሩልን አላለችም። ስታርባክስ በእኛ አገር ለገበሬዎች ልማት እረዳለሁ ማለቱን እያስታወሰች፣ የጠየቀችው ግን ስሟን ነው። ስምምነቱ ገበሬውን በአንድ ጀንበር ሀብታም አላደረገም፤ የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ግን አከራካሪነቱ ቀረ።

ከአማዞንና መሰሎቹ የምጠይቀውም ይህንኑ የመሰለ ነው። የሚሸጡት የእህል ዱቄት የበቀለበትን አገር ገዢው ከመክፈሉ በፊት በግልጽ ያሳዩ። ይህ ከባድ ነገር አይደለም፤ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ደንብ በኢንተርኔት የሚሸጥ ዕቃ የተመረተበት አገር እንዲገለጽ አዝዛለች። ያችው ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ ትላልቅ ድርጅቶች ከአማካይ ትርፋቸው 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ጉዳይ እንዲያውሉ ደንግጋለች። ከሁለቱ ምረጥ ብባል የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሁለት በመቶው የሰጪውን መልክ ያሳምራል፤ የአገር ስም መጻፉ ግን ገበሬው ሥራው በስሙ እንዲታወቅለት ያደርጋል።

ይሁንና ሁሉን በሲያትል ላይ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። አማዞን የንግድ ምልክቱን ያስመዘገበ ባለቤት ሲያመለክት በስሙ የሚነግደውን አስመሳይ የሚያስወግድበት አሠራር አለው። ምልክት የሌለው ግን በዚያ በር መግባት አይችልም፤ የቡናውን መንገድ የጤፍ አምራቹ ካልተከተለ ደግሞ የሚያስከብረው ነገር አይኖርም። ይህን የማድረግ ግዴታ የነጋዴው ሳይሆን የእኛ ቢሮዎች ነው። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ በወቅቱ ማድረስ ያቃታቸው፣ በዚያው ክረምት ጦርነቱ ሲቀሰቀስ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበት ሥርዓት ባለቤቶች፣ ገበሬውን ከዓለም ገበያ ጋር እናገናኘዋለን ሲሉ በስብሰባ አዳራሽ ስሰማ ሳቄን እንዴት እንደምይዝ ይጨንቀኛል። ኔትወርክ የሌለው ገበሬ በየትኛው ስክሪን ላይ ነው ከሻጭ ጋር የሚገናኘው?

ለአክስቴ ልጅ ይህንን ሁሉ በስልክ ስተርክላት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያም፣ «እሺ ጋሼ፣ በሚቀጥለው ስገዛ የእኛን አገር ጤፍ ልፈልግ። ምን ብዬ ልጻፍ? የሉማሜ ጤፍ ብዬ ብጽፍ ይወጣል?» አለችኝ።

የምሰጣት መልስ አልነበረኝም።