«የተሸረፈውን የዓሣ ገንዳ ዝም ብለን እንሽጠው?»



የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ሽንፋ ነው። በሰሊጥ አጨዳ ያጠራቀምኳትን ገንዘብ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አዋጥተን ጭማቂ ቤት ከፍተናል። ሰው ገባ ብሎ አረፍ እንዲል ምን እናድርግ ስንል የዓሣ ገንዳ አሰብን። 100 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 40 ሳ.ሜ. ስፋትና 50 ሳ.ሜ. ቁመት ያለው ገንዳ ጎንደር አሠርተን በአይሱዙ አስጫንነው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲደርስ አንዱ ጥግ ተሸርፏል። ይሁን ብለን ዋጥነው።

ከዚያ ውኃው ከሥር ባለ በርሜል እየተጣራ እንዲመለስ ቱቦ ልንገጥምለት ብለን የኋላውን መስታወት በድሪል በሳነው። ቀዳዳው ወጣ፤ ዙሪያው ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት ተላላጠ። አንዲት ቀጭን መስመርም ከቀዳዳው ተነሥታ ጣት የሚያህል ወደ ላይ ሄዳለች። ጓደኛዬ «በሲሊኮን እንለብጠውና እንሽጠው፤ ማን ያውቃል?» ይላል። ገዢም ተገኝቷል፤ ሰውየው ለልጆቹ ነው የሚፈልገው። እኔ ግን ሌሊቱን ስገላበጥ ነው የማድረው። እምቢ ብል ጓደኛዬን ላጣው ነው፤ ገንዘቡም የሁለት ዓመት ላባችን ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

«እንቅልፍ ያጣሁት» ከሽንፋ

ውድ «እንቅልፍ ያጣኸው»፣

እንቅልፍ ያጣኸው ልብህ እውነቱን ስላወቀ ነው። እኛም በአጭሩ እንንገርህ፦ ይህ ገንዳ አሁን ባለበት ሁኔታ ውኃ አይሞላም፤ አይሸጥምም። ይሁን እንጂ የከሰራችሁት የፈራኸውን ያህል አይደለም። ተረጋግተህ አንብበን።

በመጀመሪያ ሦስቱን ጉዳቶች ለያይተን እንያቸው።

አንደኛው የጥጉ መሸረፍ ነው። ሽራፊው ከውጭ በኩል ብቻ ከሆነ፣ መስመር ካልወጣለትና ሁለቱ መስታወቶች በሲሊኮን የተያያዙበት ቦታ ድረስ ካልገባ ብዙ አያስጨንቅም። ብርጭቆ ወረቀት ውኃ ውስጥ እየነከርክ ስለቱን አለስልሰው፤ አለዚያ እጅ ይቆርጣል። ሽራፊው መገጣጠሚያው ውስጥ ከገባ ግን ሲሊኮኑ የሚይዘው ቦታ ስለሚቀንስ ያም መስታወት መለወጥ አለበት።

ሁለተኛው በቀዳዳው ዙሪያ የተላላጠው ነው። መስታወት ሲበሳ፣ በተለይ ፑንታው በሚወጣበት በኩል ትንሽ መላጥ የተለመደ ነው። የቱቦው ራኮርድ ጎማ (ጓርኒሲዮን) ልጠቱን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነውና ከልጠቱ አልፎ ለስላሳው መስታወት ላይ ካረፈ ችግር የለም። ልጠቱ ከጎማው ካለፈ ውኃው መውጫ አገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛው ያቺ ቀጭን መስመር ናት። ወንድማችን፣ እሷ ጭረት አይደለችም፤ ስንጥቅ ናት። ስንጥቅ ደግሞ ባለበት አይቆምም፤ ክብደት በመጣበት ቁጥር ጫፉ ወደፊት ይሄዳል። ገንዳህ ቢሞላ 200 ሊትር ይይዛል፤ ያ ማለት 200 ኪሎ ነው፤ ሁለት ኩንታል! ሲሊኮን ውኃ እንዳያልፍ ይደፍናል እንጂ የተሰነጠቀ መስታወት መልሶ አያጠነክርም። ዛሬ ዝም ያለው ስንጥቅ ከነገ ወዲያ ሌሊት፣ ወይም ልጆቹ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ዓሣ ሲያዩ ሊከፈት ይችላል። ያን ጊዜ «ማን ያውቃል?» ያለው ጓደኛህም ያውቃል፤ አንተም ታውቃለህ።

ታዲያ ምን ይሻላል? የኋላውን መስታወት ብቻ መለወጥ ነው። ሲሊኮኑን በስለት ቆርጠህ የተሰነጠቀውን አውጣ፤ የቀረውን አሮጌ ሲሊኮን በምላጭ ፍቀህ አጽዳ፤ ከዚያ በልኩና በውፍረቱ ተመሳሳይ መስታወት አስቆርጥ። እጅህ ካልደፈረ ገንዳ ለሚሠራ መስታወት ቆራጭ ስጠው። አንድ መስታወት መግዛት ገንዳውን በሙሉ ከመጣል በብዙ ይቀላል።

አዲሱን መስታወት መብሳት ከፈለግህ ደግሞ ከመለጠፉ በፊት፣ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ ይበሳ። በምን ፑንታ እንደበሳህ አልጻፍክልንም፤ ግን የግድግዳ ፑንታ በሚመታ ድሪል ከሆነ ውጤቱ ይኸው ያየኸው ነው። መስታወት የሚበሳው ጫፉ አልማዝ በተቀባ ክብ ፑንታ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. መስታወቱ ቴምፐርድ አለመሆኑን አረጋግጥ። ቴምፐርድ ማለት እንደ መኪና የጎን መስታወት ሲሰበር እንደ ጥራጥሬ የሚበተነው ነው። እሱ ከተሠራ በኋላ አይበሳም፤ ፑንታ ሲገባበት በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ሻጩን ሳትጠይቅ አትግዛ።

2. ቀዳዳው ከመስታወቱ ጠርዝ ይራቅ። ከቀዳዳው ጫፍ እስከ መስታወቱ ጫፍ ቢያንስ የቀዳዳው ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ቀዳዳህ 4 ሳ.ሜ. ከሆነ 4 ሳ.ሜ. ተው፤ ብትጨምር ይሻላል።

3. ቀዳዳው ከላይ በኩል ይሁን። ቱቦው አንድ ቀን ቢያፈስ ከቀዳዳው በላይ ያለው ውኃ ብቻ ይሄዳል። ታች ከበሳኸው ግን ውኃው በሙሉ ወለል ላይ ነው፤ ዓሣውም ያበቃለታል።

4. ከሥሩ ለጥ ያለ ጣውላ አድርግ፤ ፑንታው በሚወጣበት በኩል ስኮች ለጥፍ። በሚበሳው ቦታ ዙሪያ በጭቃ ወይም በሊጥ ክብ ግድብ ሠርተህ ውኃ ሙላበት። መስታወትም ፑንታም ሲሞቅ ነው ጣጣው የሚመጣው።

5. ድሪሉ መምታቱ ይጥፋ፤ በዝግታ ይዙር። መጀመሪያ ፑንታውን ትንሽ አዘንብለህ መስመር አስይዘው፤ ከዚያ ቀስ ብለህ ቀጥ አድርገው። አትጫን! የድሪሉ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ሊወጣ ሲል ደግሞ ይበልጥ አቅልለው፤ ብዙው ልጠት የሚፈጠረው በዚያች በመጨረሻዋ ደቂቃ በሚደረግ ችኮላ ነው።

6. መነጽርና ጓንት አድርግ። ውኃና መብራት አይዋደዱም፤ ከተገኘ በባትሪ የሚሠራ ድሪል ተጠቀም። ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው እንጂ እፍ አትበለው።

ራኮርዱን ስትገጥም ጎማው ከገንዳው ውስጥ በኩል ይሁን። በእጅህ አጥብቀህ ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ ጨምር። በመፍቻ የሙጥኝ ማለት ሌላ ስንጥቅ መጥራት ነው።

ሲሊኮኑ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ያልተጨመረበትን ምረጥ፤ ያ መድኃኒት ዓሣ ይገድላል። ከዚያ ገንዳውን ለጥ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጠህ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፍ (ይሄንኑ ጋዜጣ ቢሆንም አንቀየምም)። መጀመሪያ ሩብ፣ በማግሥቱ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ አድርገው። ሞልቶ ሦስት ቀን ቆይቶ ጋዜጣው ካልረጠበ እንኳን ደስ አለህ።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ከቀዳዳው አፍ በላይ ያለው ውኃም ወደ በርሜሉ ይወርዳል። በእናንተ ገንዳ እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር 4 ሊትር ናት። 5 ሳ.ሜ. ከወረደ 20 ሊትር መጣ ማለት ነው፤ በርሜሉ ውስጥ ለዚያ የሚበቃ ባዶ ቦታ ተው።

አንድ ምስጢር ደግሞ እንንገርህ፦ ለዚህ መጠን ገንዳ ቀዳዳው ግዴታ አይደለም። ትንሽ የአየር ፓምፕና የስፖንጅ ማጣሪያ ለጥቂት ትናንሽ ዓሦች ይበቃል። በቆላ ደግሞ አየሩ ዋና ነገር ነው፤ ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። ገንዳውን ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ አስጠጋው። ከወንዝ ቆሮሶና አምባዛ አምጥተህ አትክተትበት፤ አድገው ገንዳው ይጠባቸዋል። ከከተማ የገዛኸውንም ዓሣ ሽንፋ ወንዝ ውስጥ አትልቀቅ።

አሁን ወደ ጓደኛህ እንመለስ። «አጭበርባሪ!» ብለህ አትጀምር። ጭንቅ ይዞት ነው፤ ገንዘቡ የእሱም ላብ ነው። የአዲሱን መስታወት ዋጋ ጠይቀህ በወረቀት ጽፈህ አሳየው፤ ቁጥር ከስድብ ይልቅ ያግባባል። ገዢውንም «ተሰንጥቋል፤ ስንጠግነው እንጠራሃለን» በሉት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ያወቁትን ስንጥቅ ሸፍኖ መሸጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ከሕጉ በላይ ግን ሽንፋ ትንሽ ከተማ ናት፤ ያን ሰውዬና ልጆቹን ነገም መንገድ ላይ ታገኛቸዋለህ። ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም «እንሽጠው» ካለህ፣ ያኔ የምታጣው ጓደኛ ሳይሆን ነገ አንተንም የሚሸጥህን ሰው ነው።

መሰናበቻ ትሁንህ። ሀገርህ ለዓሣና ለመስታወት እንግዳ አይደለችም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ሽንፋ-መተማ 1 በተባለው ቦታ ከዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። ኢንዶኔዥያ ያለው የቶባ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የበተነው፣ በዓይን የማይታይ የመስታወት ብናኝ እዚያው አፈር ውስጥ ተገኝቷል። ሰዎቹ ግን አልጠፉም፤ በጋው በርትቶ ወንዙ ወደ ኩሬ ሲቆራረጥ ከኩሬው ዓሣ እያወጡ ኖሩ። እነሱ ያን የመሰለ ክፉ ጊዜ ካለፉ አንተ በአንድ የተሰነጠቀ መስታወት ተስፋ አትቁረጥ። ገንዳው ሲጠገን ጻፍልን፤ እንቅልፍህም ይመለሳል።