የቃመ አይሰለፍ

በተማሪዎች መካከል የአናቦሊክ ስቴሮይድ ስም ሲነሣ ሁሉም ይደነግጣል። መደንገጡም ተገቢ ነው። ጡንቻ ለማሳበጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጠቃሚውን ዝቅ ያደርጋል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ የልብን ግድግዳ ያወፍራል። ነገር ግን መርፌውን የሚፈራው ያው ተማሪ በርጫ ውሎ፣ ምርቃናው ሳይለቀው ወደ ኳስ ሜዳ ሲወርድ «ተው» የሚለው የለም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ ዝምታ ይብቃ የሚል ነው።

በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። የልብን ምት ያፈጥናል፤ የደም ሥርን ያኮማትራል፤ ልብ ብዙ ደም በሚሻበት ሰዓት የሚደርሰውን ያሳንስበታል። በየመን 100 የልብ ሕመምተኞችን ከ100 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ብዙ የሚቅም ሰው ለድንገተኛ የልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አሳይቷል። ዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች መድኃኒቶች ድርጅትም ካቲኖንን በውድድር ጊዜ ይከለክላል፤ በጫት ያለው ሌላው ቅመም ካቲን ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ ያስቀጣል።

ከሁሉ የከፋው ድካምን መሸሸጉ ነው። እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ቶም ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በጁላይ 13 ቀን 1967 በቱር ደ ፍራንስ ውድድር፣ የቬንቱን ተራራ በጠራራ ፀሐይ ሲወጣ ወድቆ ሞተ። በደሙ ውስጥ አምፌታሚንና አልኮል ተገኘ። ሰውነቱ «በቃኝ» ሲል አምፌታሚኑ ድምፁን አፍኖበት ነበር።

በዕረፍት ጊዜ ወደ ደወሌ የሚወርዱ ጓደኞቻችን ይህን ልብ ይበሉ። ደወሌ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ጫት የሚያልፍባት የድንበር ከተማ ናት፤ ሙቀቷም የቆላ ሙቀት ነው። እዚያ ቅሞ፣ የምግብ ፍላጎቱ ተዘግቶ፣ በፀሐይ የሚሮጥ ወጣት በአንድ ልብ ላይ ሦስት ሸክም ይጭናል፤ ጫቱን፣ ሙቀቱንና ሩጫውን።

«ጫት የአባቶቻችን ልማድ፣ የገበሬውም መተዳደሪያ ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ሽማግሌው ጥላ ሥር አረፍ ብሎ ይቅማል እንጂ 90 ደቂቃ ሙሉ ኳስ አያሳድድም።

ስለዚህ የማኅበራችን የስፖርት ክፍል ሦስት ነገር ይወስን። የቃመ አይሰለፍ። በቆላ የሚደረግ ግጥሚያ በማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ ይሁን። ደረቱን ያመመው ወይም ራሱን የሳተ ተጫዋች ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰድ እንጂ ውሃ ተረጭቶበት ወደ ሜዳ አይመለስ።

ያገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። በዚህ ጉዳይ ግን እሳቱ ራሱ ቅጠል ነውና ከወዲሁ እንጠንቀቅ።