ማርሹን ከማሳጠር በፊት ካምቢዮውን መፈተሽ ይቀድማል

በመኪና ወዳጆች ዘንድ የማርሽ ዘንግ ማሳጠር ተወዳጅ ሥራ ነው። ሞተር ከማሠራት ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው፤ በብዙ መኪኖች ላይ ካምቢዮ ማውረድ ሳያስፈልግ በግማሽ ቀን ያልቃል፤ ለውጡም ወዲያው እጅ ላይ ይታወቃል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ለመቀየር እጅ የሚሄደው መንገድ ያጥራል፣ ማርሹም ቆፍጠን ብሎ ይገባል። ደስታው እውነተኛ ነው። አጭሩን ዘንግ እንደ መድኃኒት የሚገዛ ባለመኪና ግን ገንዘቡን ያለቦታው ያውላል። አጭር ዘንግ የታመመ ካምቢዮ አያድንም።

ምክንያቱን ዲጅኖ ይዞ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው የዲጅኖውን ማስደገፊያ ወደ ራሱ ባቀረበው መጠን እጁ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ የሚጠየቀው ጉልበት ግን ይጨምራል። የማርሽ ዘንግም በዚሁ ሕግ ይሠራል። ከማስደገፊያው በላይ 200፣ ከታች ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ካምቢዮው ውስጥ 12 ሚሊ ሜትር ለመግፋት እጅን 48 ሚሊ ሜትር ያስኬዳል። ማስደገፊያው በ15 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል የእጅ ጉዞ ወደ 34 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ጉልበቱ ግን በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሥራ አይቀንስም። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 ለገበያ ያቀረበው ሲንክሮናይዘር ዛሬም ዋና ሐሳቡ ያው ነው፦ ጥርሶቹ ከመግጠማቸው በፊት አንድ ቀለበት እየተሻሸ ፍጥነታቸውን ያስተካክላል። ይህ መተሻሸት ቅጽበት ይፈልጋል። ዘንጉ አጠረልኝ ብሎ ማርሹን በኃይል የሚያስገባ ሹፌር ቀለበቱን ያችን ቅጽበት ይነፍገዋል፤ ቀለበቱም ቶሎ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ የቀረበችው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ፍተሻው መቅደም እንዳለበት ጥሩ ማስረጃ ናት። የማርሽ ዘንጓ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ የተተከለ ነው፤ ጉዞውም ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ አጭር ነው። ዕድሜዋ ሲገፋ ግን ማርሹ ይልላል፣ ባለቤቷም አጭር ዘንግ መፈለግ ይጀምራል። ጨባጩ ተፈትቶ፣ መሸፈኛው ተነሥቶ፣ የጎማ ክዳኖቹና ሦስቱ ቡሎኖች ሲወጡ እውነቱ ይታያል። ከዘንጉ ሥር ከ100 ሚሊ ሊትር ያነሰ የራሱ ዘይት የሚይዝ ትንሽ ጉድጓድ አለ፤ ዘይቱ አልቆ ወይም ቆሽሾ መገኘቱ የተለመደ ነው። በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ቡሽ ተሰባብራለች። የታችኛው ጎማ ስለተቀደደ የካምቢዮው ሙቀትና ጩኸት ወደ ውስጥ ይገባል። እነዚህ ጥቃቅን ዕቃዎች ሲቀየሩና ዘይቱ ሲሞላ ማርሹ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀድሞ ጥራቱ ይመለሳል። ይህን ሳያደርግ አጭር ዘንግ የሚተክል ሰው አዲሱን ዕቃ በበሽታው ላይ ይደርበዋል።

ለአዲስ አበባ ሹፌሮችም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በሰማያዊና ነጩ ላዳ ታክሲ ላይ የዘንጉ የላይኛውና የታችኛው ክፍል የሚያያዙት በጎማ ነው፤ ጎማው ሲያልቅ ዘንጉ ይወዛወዛል። ማርሹ በካቦ በሚታዘዝባቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ልልነቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ካቦዎቹ ጫፍ ላይ ካሉት ቡሾች ነው። የሞተር ወይም የካምቢዮ ማሰሪያ ጎማ ሲሰነጠቅም ማርሹ ይረበሻል።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ የሚወርድ ሹፌር መኪናውን የሚይዘው በፍሬን ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽም ጭምር ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ የገባው ማርሽ ተመልሶ ከወጣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ማርሽ እየወጣ የሚያስቸግር መኪና የሚያስፈልገው ካምቢዮውን ከፍቶ የሚያይ መካኒክ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ የማርሽ ዘንግ አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ በእጅ ያሉት ባለማርሽ መኪኖች ከበፊቱ የበለጠ እንክብካቤ ይገባቸዋል።

ጤነኛ ካምቢዮ ያለውና አጭር ዘንግ የሚወድ ሰው ይትከል፤ ክልከላ የለበትም። ግን መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማው ተደግፎ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ይሠራ። ክዳኑ ሲከፈት ቡሎንም ሆነ ቆሻሻ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ቀዳዳው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ሲያልቅ የኋላ ማርሽን ጨምሮ ሁሉም ማርሾች ቆሞ ይሞከሩ። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሲቀይር በስሕተት ሁለተኛ ያስገባ ሹፌር ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ስለሆኑ የነዳጅ መቆጣጠሪያው ሊያድነው አይችልም። አጭር ዘንግ ደግሞ በማርሾቹ መካከል ያለውን ርቀት ያጠባል፤ ስለዚህ እጅ እስኪለምደው ድረስ በዝግታ መንዳት ያስፈልጋል።

ባለጋራዦችም ድርሻ አላቸው። "ማርሹን አሳጥርልኝ" ለሚል ደንበኛ በመጀመሪያ ያለቀውን ቡሽና የተቀደደውን ጎማ አውጥተው ያሳዩት፤ እነሱን ቀይረው መኪናውን ለጥቂት ቀናት እንዲነዳው ይስጡት። ከዚያ በኋላም አጭሩን ከፈለገ ይትከሉለት፤ የፋብሪካውን ዘንግ ግን አይጣሉበት፣ ጠቅልለው ያስረክቡት።