መሪው ለእርሱ፣ በሩ ለእርሷ?

በእንግሊዝ የጀልባ ቦዮች ዳር ጥቂት ለቆመ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ባልና ሚስት ብቻቸውን በሚጓዙባት ጀልባ ላይ ብዙውን ጊዜ ባል ከኋላ ቆሞ መሪ ይዟል፤ ሚስት ወርዳ፣ ጀርባዋን አስደግፋ፣ ግዙፍ የእንጨት በር ትገፋለች። ዝናብ ቢወርድም ቦታ አይለዋወጡም። ይህን ክፍፍል ከልማድ በቀር የሚደግፈው ነገር የለም፤ ልማዱም ቢሆን ሲመረመር የቅርብ ጊዜ ነው።

በሩ የሎክ በር ነው። የፓናማን ቦይ በቴሌቪዥን ያየ ሎክ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጀልባዋ ከፊትም ከኋላም በር ወዳለው ገንዳ ትገባለች፤ ከኋላዋ ይዘጋል፤ ውሃው ሲሞላ ከፍ፣ ሲጎድል ዝቅ ብላ በሌላኛው በር ትወጣለች። ቺያዎ ዌይዩዌ የተባለ ቻይናዊ ሹም በ984 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሠራው ዘዴ እስከ ዛሬ መሠረቱ አልተለወጠም። በእንግሊዝ ጠባብ ቦዮች ላይ ገንዳው ሁለት ሜትር ከምናምን ስፋትና 22 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። አብዛኛው የሚሠራው በሰው ክንድ ነው። ውሃ የሚለቁት መዝጊያዎች የሚነሡት የድሮ መኪና ማስነሻ በሚመስል ጥምዝ የብረት እጀታ ሲሆን፣ በሩ ራሱ ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል።

መሪ መያዝስ? የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ፈጠን ብሎ የሚራመድ እግረኛ ይደርስበታል። ሥራው ጥንቃቄ እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። እንግዲህ ጉልበታም ነኝ የሚለው ሰው ቀላሉን ይዞ ከባዱን ለሌላው ሰጥቷል ማለት ነው። በዉስተርና በርሚንግሃም ቦይ ላይ፣ ታርዴቢግ ላይ፣ በአራት ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 30 ሎኮች ተደርድረው ጀልባን 67 ሜትር ወደ ላይ ያወጣሉ። አንድ ሰው ሠላሳውንም ከፍቶ ሲዘጋ ሌላው ቆሞ ሻይ የሚጠጣበት ጉዞ ሽርሽር የሚሆነው ለአንዱ ብቻ ነው። አሥራ አምስት ለእርሷ፣ አሥራ አምስት ለእርሱ ማካፈል የሚከብድ ሒሳብ አይደለም።

«የቦዩ ባህል ነው» የሚሉ አሉ። ባህሉ ግን ሌላ ነው የሚናገረው። ቦዮቹ ጭነት በሚያመላልሱበት ዘመን ቤተሰቡ የሚኖረው ጀልባው ላይ ነበር። ባል ሞተር ያላትን ሲነዳ፣ ከኋላ የምትጎተተውን ሞተር አልባ ጀልባ የምትመራው በአብዛኛው ሚስት ነበረች፤ ያውም ልጅ እየጠበቀችና ወጥ እየሠራች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የሠለጠኑ ሴቶች ሦስት ሦስት እየሆኑ፣ 50 ቶን ገደማ ብረትና የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጥንድ ጀልባዎችን በለንደንና በበርሚንግሃም መካከል ነድተዋል። የአገልግሎት ምልክታቸውን የእንግሊዝኛ ፊደላት ያጣመመ ቀልደኛ «ሥራ ፈት ሴቶች» የሚል ስም አወጣላቸው! ከመካከላቸው ኤማ ስሚዝ ያን ሕይወት በ1948 ባሳተመችው መጽሐፍ ተርካዋለች።

የቦዮቹን ዕጣ የለወጠው ጉዞም የጥንዶች ነበር። ቶም ሮልትና አንጀላ በሐምሌ 1939 ተጋብተው፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ክሬሲ በተባለች የእንጨት ጀልባ ከባንበሪ ተነሡ። ቶም ጉዞውን በ1944 በመጽሐፍ አወጣ። ያን ያነበበው ሮበርት ኤክማን ጻፈለት፤ ተገናኙ፤ በ1946 ቦዮቹ እንዳይዘጉ የሚሟገት ማኅበር ተመሠረተ። በተከታዩ ዓመት ቶምና አንጀላ ክሬሲን ይዘው በስትራትፎርድ ቦይ ላይ መንገድ የዘጋው የሊፎርድ ሌን ድልድይ እንዲነሣላቸው አድርገው አለፉ። ዛሬ በባንበሪ በቶም ስም የተሰየመ ድልድይ አለ። በዚያችው ጀልባ አብራው የተጓዘችውን አንጀላን የሚያነሣት ግን ጥቂት ነው። እርሷ በ1951 ተለይታው ከቢሊ ስማርት ሰርከስ ጋር መንገዷን ቀጠለች። ቶም በኋላ ያገባት ሶንያ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ጀልባ ከነዱት ሴቶች አንዷ ነበረች።

ከክብሩም በላይ የሕይወት ጉዳይ አለ። ጀልባ ወደ ታች በምትወርድበት ጊዜ በላይኛው በር በኩል ውሃ ውስጥ የተደበቀ የድንጋይ ደረጃ አለ። የኋላዋ እዚያ ላይ ከተቀመጠ ውሃው ሲጎድል አፍንጫዋ ይዘቀዘቅና ልትሰምጥ ትችላለች። መሪ ያዡ ወደ ፊት ጠግቶ መቆየት፣ እጀታ የያዘውም ችግሩን ባየ ቅጽበት መዝጊያዎቹን መጣል አለበት። የሞተሩ ድምፅ ጩኸት ስለሚውጥ መግባቢያው የእጅ ምልክት ነው፤ የሌላውን ሥራ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ምልክቱን እንዴት ይረዳል? መሪ የያዘው ውሃ ውስጥ ቢወድቅስ፣ ማርሹን አውጥቶ የሞተሩን መቅዘፊያ የሚያስቆመው ማን ነው?

የተዋንያኑን ባልና ሚስት የቲሞቲ ዌስትንና የፕሩኔላ ስኬልስን የቦይ ጉዞ ከ2014 ጀምሮ በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው እነርሱን ጠቅሶ ሊከራከር ይችላል። እርሱ መሪውን ይዞ፣ እርሷ ሎኩን ስትከፍት ይታዩ ነበር፤ ያም የመርሳት ሕመም ይዟት ሳለ። ክርክሩ ያስኬዳል። እነርሱ ግን ለአሥርት ዓመታት በጀልባ አብረው የተጓዙ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ከልምድ የሚያውቅ ጥንዶች ነበሩ፤ ዛሬ ማለዳ ጀልባ ተከራይቶ ከሰዓት ሎክ ውስጥ የሚገባው ጀማሪ እንደዚያ አይደለም።

ጀልባ ለመከራየት መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ከመነሳት በፊት አጭር ገለጻ ይሰጣል። አከራዮች ቁልፉን ከማስረከባቸው በፊት ሁለቱም ሰዎች መሪውን እንዲይዙ፣ ሁለቱም እጀታውን እንዲያዞሩ ቢያደርጉ ገለጻው የሚረዝመው በሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።