ርእሰ አንቀጽ፤ ዘፈን በታሪክ ክፍል

የታሪክ ትምህርት ለብዙ ተማሪዎች የዘመን ቍጥርና የነገሥታት ስም ከመሸምደድ ያለፈ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ለፈተና የተያዘው ከፈተናው ማግሥት ይረሳል። ይኸው ተማሪ ግን አንድ ዘፈን ሁለት ሦስት ጊዜ ከሰማ ከነስንኙ ይይዘዋል። ስለዚህ በጉለሌ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌላው ሥፍራ በሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ዘፈን የታሪክ ማስተማሪያ ይሁን እንላለን።

ይህን እንደ ቀልድ የሚያየው ሰው አይጠፋም። ጠላት ግን እንደ ቀልድ አላየውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዛሬ በምንማርበት በገነተ ልዑል ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ ፋሺስቶች እያሳደዱ ከገደሏቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎች ይገኙባቸዋል። ማሲንቆ ይዞ የሚዞር ሰው የሕዝቡንም ትዝታ ይዞ እንደሚዞር ተረድተው ነበርና።

ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርገን ወደ እንጦጦ እንውጣ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። የንጉሡን የዓድዋ ዘመቻ የሚያወድሰው የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» በ2004 ዓ.ም. ወጣ። በሌላ በኩል «ጉለሌ» የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ተራራው ላይ ሳይሠራም ሕዝቡ በዚሁ አገር ይኖር ነበር። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሃጫሉ ሁንዴሳ «ማላን ጅራ» በአፋን ኦሮሞ ጉለሌን ከመሪው ከቱፋ ጋር እያነሣ ያዝናል። እንግዲህ ሁለቱም ዘፈኖች የሚመለከቱት ይህንኑ አካባቢ ነው።

መምህራን ጠብ ይነሣል ብለው ሁለቱንም ማለፍ ቢመርጡ አንፈርድባቸውም። አንዱ ተማሪ የሚኮራበት ዘፈን አጠገቡ የተቀመጠውን ሊያስከፋ ይችላል። ሃጫሉ ራሱ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በጥይት ተገድሏል፤ ከዚያም በኋላ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል። ይሁን እንጂ ክፍሉ ዝም ቢል ዘፈኖቹ ዝም አይሉም። በታክሲ፣ በሠርግ ቤት፣ በየሰው ስልክ ይሰማሉ፤ የሚሰሙትም ጠያቂና መላሽ በሌለበት፣ እያንዳንዱ ከወገኑ ጋር ሆኖ ነው። አንዱን ብቻ ማሰማት ማዳላት ነው፤ ሁለቱንም መተው ደግሞ ልጆቹን ለአሉባልታ አሳልፎ መስጠት ነው።

ዘፈኑ ይሰማ ስንል ይታመን ማለታችን አይደለም። ዘፈን ከሁሉ በፊት ምስክርነቱ ለተዘፈነበት ዘመን ነው። «ጥቁር ሰው» የተዘፈነው ከዓድዋ ጦርነት 116 ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከ1888 ዓ.ም. ይልቅ በ2004 ዓ.ም. የነበረው ትውልድ ዓድዋን እንዴት ሊያስታውስ እንደፈለገ ይነግረናል። «ማላን ጅራ»ም የወጣው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ካስነሣ በኋላ፣ ዕቅዱም በ2008 ዓ.ም. ከመሰረዙ በፊት ነው። የጥንቱን ሐዘን ከዘመኑ ሥጋት ጋር አዳምሮ ይዟል።

አሠራሩ ብዙ ወጪ የለውም። መምህሩ በስልኩና በአንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሁለቱንም ያሰማ። አፋን ኦሮሞ የሚያውቁት ተማሪዎች ለጓደኞቻቸው ይተርጕሙ። ከዚያም ማን ዘፈነው? መቼ? ለማን? ምንስ ሳይነሣ ቀረ? ብለው ይጠይቁ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ስለ ምኒልክ ዘመን ከጻፉት ታሪክ ጥቂት ገጽ ያንብቡ፤ የሠፈር ሽማግሌዎችንም ጠይቀው ይምጡ። ያን ጊዜ ዘፋኙም፣ ታሪክ ጸሐፊውም፣ ሽማግሌውም እያንዳንዳቸው በቆሙበት ሥፍራ ሆነው እንደሚናገሩ ይረዳሉ። ታሪክን መማር ማለትም ይኸው ነው።

በመጨረሻም ለማስተማር ልምምድ ወደ ት/ቤቶች የምትወጡ ጓደኞቻችን ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ እንድትሞክሩት እናሳስባለን። የተከበራችሁ መምህራኖቻችንም ዘፈንን እንደ ሰነድ የመመርመርን ዘዴ አስቀድማችሁ እንድታስተምሩን በአክብሮት እንጠይቃለን።